አባዬ፣ ፓሮዳን በእንግሊዝኛ ምን ልበላት?

አባዬ፣ ሰው ፊት አንቱ ብዬህ ቤት ስንገባ አንተ እንደምልህ፣ አሁንም ብቻዬን ነኝና አንተ ልበልህ።

ከሄድክ ዓመት ሞላህ። የተለየኸን ገብሱ ተከምሮ ሳይወቃ ነበር፤ ዘንድሮም ክምሩ እንደቆመ ነው። ሙት ዓመትህን ባለፈው እሑድ አወጣን። እማዬ ደህና ናት። ጉልበቷን ያማታል፣ አላመመኝም ትላለች፤ መቼም ታውቃታለህ። ነገ እሠራዋለሁ ስትል የኖርከውን የበጎቹን ጋጣ ወንድሜ ቆርቆሮ አለበሰው። ክረምቱን ዝናብ ሲወርድበት ጩኸቱ ለጉድ ነበር፤ በጎቹ ግን ከእኛ ቀድመው ለመዱት። ቦት ጫማህ አሁንም በሩ ሥር ነው። ማናችንም አላነሣነውም።

ልነግርህ የተቀመጥኩት ግን ሌላ ነገር ነው። ስለ መንዝ በግ የሚያጠኑ ወጣቶች መጥተው ነበር። አንተ በወጣትነትህ ሩሲያ የእንስሳት ሕክምና ስትማር ስለ አገርህ በግ የጻፍከውን የመመረቂያ ጽሑፍ አግኝተውታል፤ የሚያነብላቸው ግን ጠፋ። ሲያጠያይቁ እንግሊዝኛ የምታስተምረው ሴት ልጁ ሩሲያኛ ትሞክራለች ተባሉ፤ መሐል ሜዳ ትምህርት ቤት ድረስ መጥተው ወደ እንግሊዝኛ መልሺልን፣ እናሳትመዋለን አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ፈራሁም። የእኔ ሩሲያኛ ቅዳሜ ቅዳሜ በግ ልትከትብ ወደ ዘመሮ ስትሄድ መንገድ ለመንገድ ያስተማርከኝ ነው። ስለ በግ ካልሆነ በቀር ስለ ምንም አላወራበትም። ደግነቱ ጽሑፍህም ስለ በግ ነው።

ሥራው ደህና ሄደልኝ። የመጨረሻው ገጽ ላይ ግን ፓሮዳ የምትለው ቃል ያዘችኝ። ስለ ጅራትና ስለ ጸጉር ስትጽፍ የበግ ዝርያ ማለትህ ስለሆነ አላስቸገረችኝም። ይቺው ቃል ግን ለሩሲያኖቹ ከመሬት ተቆፍሮ የሚወጣ ዐለትም ናት፤ የሰው ዘርም ናት። አንተ ደግሞ የጽሑፍህ መዝጊያ ላይ እኔ የመጣሁት ከዚህች ፓሮዳ ነው፣ ስትጠፋ ማየት አልፈልግም ብለህ አረፍከው። በእንግሊዝኛ ዝርያ ብል ከበግ ተወለድኩ ያልክ ልትመስል ነው። ዐለት ብል ባሰ። ወጣቶቹ ሲቸግረኝ አይተው ዓረፍተ ነገሩ ለጥናቱ አይጠቅምም፣ ዝለይው አሉኝ።

እኔ ግን ከዚያ ሁሉ ገጽ ድምፅህን የሰማሁት እዚያች ላይ ብቻ ነው። እሷ ከወጣች የሚታተመው የበግ ጅራት ርዝመት ነው እንጂ አንተ አይደለህም። ምን ማለትህ እንደሆነ ልጠይቅህ ስልኬን አነሣሁ። ስምህን ፈልጌ ካገኘሁ በኋላ ነው መሞትህ ትዝ ያለኝ። አለቀስኩ፣ አባዬ።

ሙት ዓመትህ ቀን ከራቤል ያ ወዳጅህ ጋሽ ታደሰ ሴት ግልገል አቅፈው መጡ። ድሮ በሽታ በጎቻቸውን ሲጨርስባቸው ከእኛ ጋጣ አውጥተህ የሰጠሃቸው በግ የልጅ ልጅ ናት። በእሳቸው ቤት ወግ፣ በግ የሰጠ ሰው ሲሞት ከዘሯ አንዷ ወደ ቤቱ ትመለሳለች። እማዬ ግልገሏን ተቀብላ፣ እኛ አገር በግ ስናይ ሁልጊዜ እንደምንጠይቀው፣ የማን ቤት ናት አለቻቸው። የእናንተው ቤት አሏት።

ያን ጊዜ የሩሲያው ታሪክህ መጣብኝ። ገና ቋንቋውን ለምደህ ሳትጨርስ መምህርህ የአገርህን በግ ፓሮዳ ንገረኝ ሲልህ፣ የእማማ አስካለ ቤት ብለህ የእናትህን ስም የጠራህበት። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። አንተ ምን ታደርግ! ገበያ ላይ ስለ በግ ሌላ ጥያቄ ሰምተህ አታውቅም። ይህን ስታወራልን እንባህ እስኪመጣ ትስቅ ነበር፤ ያፈርክ ግን አትመስልም ነበር።

እንግዶቹን ሸኝቼ እንደተመለስኩ ፓሮዳ ባልክበት ቦታ ቤት የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ጻፍኩልህ። እኔ የመጣሁት ከዚህ ቤት ነው፤ ሲጠፋ ማየት አልፈልግም። ወጣቶቹ አነበቡት፣ ደግመው አነበቡት፣ ከዚያ ይግባ አሉ። የዐለቱን ትርጉም ማስገባት አልቻልኩበትም፣ ይቅር በለኝ። የቤታችን ግድግዳ ከዐለት የተሠራ ስለሆነ ግን ብዙም የጎደለብህ አይመስለኝም።

ግልገሏ ቦት ጫማህን እያሸተተች ውላለች። እማዬም አልከለከለቻትም።

አልረሳህም ብሎ መጻፍ ቀላል ነው፤ እኔ የማደርገውን ልንገርህ። ገበያ ስወጣ የማያውቁኝ ሽማግሌዎች የማን ቤት ልጅ ነሽ ይሉኛል። እስከ ዛሬ አስተማሪ ነኝ እያልኩ አልፋቸው ነበር። ከእንግዲህ ቆም ብዬ ስምህን እነግራቸዋለሁ።