የዘሀራ ውጋት

ሰኞ፣ ጥር ፮ ቀን ፲፱፻፷፮፣ መካነ ሰላም

ክሊኒካችን ለታመመ ሰው የዱቄት ወተት ማደል ከጀመረ ወዲህ «ደረቴን» የማይለኝ የለም። ባለፈው ሳምንት የአሥራ አራት ዓመቷ ዘሀራ ብቻዋን መጥታ፣ «ጋሼ፣ ዳገት ስወጣ ደረቴን ይወጋኛል፤ ዓይኔም ይጨልማል። ቆም ስል ይተወኛል» አለችኝ። ወተቱን ፈልጋ ነው ብዬ፣ «ዳገት የማይወጋው ማን አለ?» ስል ተሰላፊው ሳቀባት። ማዳመጫው አንገቴ ላይ ነበር፤ ደረቷ ላይ አላኖርሁትም።

ዛሬ ውሃ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ ወድቃ በቃሬዛ አመጧት። ነፍሷን ስታውቅ ልቧን አዳመጥሁ፤ በየምቱ መሐል ያፏጫል። ነገ ወደ ደሴ ይወስዷታል፤ መድረሷን እንጃ።

እናቷ እጄን ይዘው፣ «አላህ ይስጥልን ዶክተር! ጥፋቱ የኛ ነው፤ ቀደም ብለን ባመጣናት» አሉኝ። ዶክተርም አይደለሁ፤ ቁስል አጥቤ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ነኝ።

ዘሀራ ቀና ብላ አየችኝ። ያን ቀን መምጣቷን ለእናቷ አልነገረችም። እኔም አልነገርኋቸውም።