እጅ የማያቃጥል መብራት

ለተከበሩ የወደቡ ቁጥጥር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና፣ ለቢሮዎ ማራገቢያም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ፤ ጀልባዬም ደህና ናት፣ ታስራ ነው እንጂ። በአደባባይ መጻፌ ሦስቱ ማመልከቻዎቼ ጠረጴዛዎ ላይ እንቅልፍ ስለወሰዳቸውና እነሱን መቀስቀስ ነውር ስለመሰለኝ ነው።

አንደኛ፦ እንደሚያውቁት በጀልባዬ ግራ ቀይ፣ በቀኝ አረንጓዴ፣ በኋላ ነጭ መብራት አለ፤ ሌላው ጀልባ በጨለማ ወዴት እንደምሄድ የሚያውቀው በነሱ ነው። የድሮዎቹ አምፖሎች ባትሪዬን ጠጥተው ቢጨርሱት ነቅዬ በዚያው መያዣ ላይ ኤል ኢ ዲ ገጠምሁ። አልዋሽም፣ መጀመሪያ ገልብጬ ስለገጠምኋቸው አልበሩም፤ ቀጥሎም ከአረንጓዴው መስታወት ኋላ ነጭ አምፖል ከትቼ ሰማያዊ የሚመስል ነገር አበራሁ። ባለቤቴ ከዳር ሆና ስቃብኝ ስታበቃ ለቀዩ ቀይ፣ ለአረንጓዴው አረንጓዴ ገዝቼ አስተካከልሁ። አሁን ከማዶ ቁልጭ ብለው ይታያሉ።

ሁለተኛ፦ የእርስዎ ተቆጣጣሪ ግን መብራት የሚመረምሩት በቀትር ነው። ፀሐይ አናት ላይ ሆና የበራው ከጠፋው ስለማይለይ፣ ዓይን ለጌጥ የተሰጠ ይመስል መዳፋቸውን መስታወቱ ላይ አሳርፈው ይጠብቃሉ፤ ከሞቀ በርቷል፣ ካልሞቀ ጠፍቷል። ኤል ኢ ዲ ደግሞ ጨዋ ነው፣ እንደዚያ አይግልም። ስለዚህ ሦስቱም አይሠሩም ተብሎ ተጽፎ ማኅተም ተመታበት፤ ከመሸ በኋላ የመጓዝ ፈቃዴም ተነጠቀ። እስኪመሽ እንዲጠብቁልኝ ብለምናቸው ሥራቸው በአሥራ አንድ ሰዓት እንደሚያበቃ በትሕትና አስረዱኝ። እጃቸው ይባረክ።

ከመስታወቱ ኋላ ትኩስ ድንች እንድሸጉጥ የመከሩኝ የሥራ ባልደረቦች አሉ፤ በእርስዎ ደንብ ድንቹ እንደሚያልፍ አልጠራጠርም። እኔ ግን ድንች ይዤ ውሃ ላይ መውጣት ፈራሁ።

ሦስተኛውን ሳልቀልድ ልናገር። ልጄ ማዶ ደሴቱ ላይ ናት፤ ወሯ ገብቷል። የታመመች አማቷን ጥዬ አልመጣም ብላለች፣ እዚያም አዋላጅ የለም። አዋላጇን የማሻግረው እኔ ብቻ ነኝ። ምጥ ደግሞ ከአሥራ አንድ ሰዓት በፊት ልጨርስ አይልም። ጭንቅ ይዞኛል፣ ክቡር ሆይ፤ ከመሸ እንቅልፍ የለኝም። አንድ ምሽት ብቻ ዳር ቆመው መብራቴን በዓይንዎ እንዲያዩልኝ እለምናለሁ።

ለመዳፍዎ ቅዝቃዜን፣ ለዓይንዎ ብርሃንን እየተመኘሁ፣ እግርዎ ሥር እጅ የምነሳ፣

ገመዱን ለመፍታት ፈቃድ የሚጠብቅ ጀልባ ነጂ

ማስታወሻ፦ የጽሕፈት ቤትዎ የቁጥጥር ጀልባ በዚያው መዳፍ ተመርምራ አልፋለች፤ አምፖሎቿም በእርግጥ እጅ ይልጣሉ። ትናንት ማታ ከዳር ሆኜ ሳያት ግን ቀዩ በቀኝ፣ አረንጓዴው በግራ ተገጥሞባት፣ ወደ ግራ ስትሄድ ወደ ቀኝ የምትሄድ ትመስል ነበር። እርስዎም ተሳፍረውባት ነበር። እኔ አዋላጇን ይዤ ብወጣ ኖሮ መሐል ውሃ ላይ ፊት ለፊት እንገናኝ ነበር። እኔን በማሰርዎ የራስዎን ነፍስ አትርፈዋል፤ የልጅ ልጄን ነፍስ በተመለከተ መልስዎን እጠብቃለሁ።