ዶሮዋ ጋ ጎራ ያልን ዕለት

ነብራስካ፣ ጁን 16 ቀን 1994

ለምወድሽ ልጄ ለጃኔል፣

የስኮትላንድ ብርድ እንዴት ይዞሻል? ሹራብ ደርቢ፤ አሁን ብቻሽን አይደለሽም። እኛ ደህና ነን። ለወጉ ያህል አይደለም የምልሽ፤ ከገና ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የምሬን ነው።

ማክሰኞ አባትሽን ለዚያ የማስታወስ ችሎታ ምርመራ ወደ ሊንከን ይዤው ሄድኩ። እኔ ካልነዳሁ ብሎ አሻፈረኝ አለ። "ኦርቪል፣ ነዳጅ እንቅዳ እንጂ" እለዋለሁ፤ ዝም። "ቀጠሯችን በስንት ሰዓት ነበር?" ዝም። አንዴ ብቻ "እህ፣ ዝናብ ያስፈልገናል" አለኝ። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ እንባዬን ዋጥኩ። አበቃ፣ ኦርቪሌ ሄደብኝ አልኩ። ልንገርሽ እንግዲህ፤ ቦርሳዬ ውስጥ እሱን አረጋውያን መኖሪያ የማስገባበት ቅጽ ነበር። ፈርሜበታለሁ።

ዌልቢ ከተማ ስንደርስ ሳላስበው ከአውራ ጎዳናው ታጠፈ። መንገዱ የጠፋበት መስሎኝ ክንዱን ጭምድድ አድርጌ ያዝኩት። ዞር ብሎ አየኝና "ምን ሆንሽ? ዶሮዋን ሰላም ሳንላት እንለፍ እንዴ?" አለኝ። ያቺን ቤት የምታክል የሲሚንቶ ዶሮ! ልጅ ሆነሽ አላልፋትም ብለሽ የምታለቅሽላትን። አሁንም አለች፤ ቀለሟ ብቻ ለቋል።

ወጉን ታውቂዋለሽ፤ አንዱ በጭራዋ በኩል ሆዷ ውስጥ ገብቶ እስከ ምንቃሯ በሚደርሰው ቧንቧ ያንሾካሹካል፣ ሌላው ምንቃሯ ጋ ቆሞ የሰማውን ጮክ ብሎ ይናገራል። ያልሰማ እንደ ዶሮ ይጮሃል። እኔ ገባሁና "ኦርቪል፣ ብትረሳኝም የትም አልሄድም" አልኩት። ደገምኩት።

"ይሄ ቧንቧ ተደፍኗል! ወፍ ጎጆ ሠርታበታለች!" ብሎ ጮኸ።

አርዲስ የምትባለው የዶሮዋ ጠባቂ ምላሷ አይጣል ነው። "ቧንቧዬን አይሳደቡብኝ! ዛሬ ጠዋት ነው የጠረግኩት" ብላ ራሷ ጆሮዋን ደቀነች። ለሦስተኛ ጊዜ ተናገርኩ። ያልኩትን ሰምታ ለስለስ ብላ "አባባ፣ እስቲ በግራ ጆሮዎ ይሞክሩ" አለችው።

ለአራተኛ ጊዜ ተናገርኩ።

"ማን ነው የሚረሳሽ፣ አንቺ ሴትዮ?" የሚል ድምፅ በቧንቧው መጣ። "አርባ ሦስት ዓመት ሙሉ ስትጨቀጭቂኝ ኖረሽ፣ በምን አቅሜ ነው የምረሳሽ?"

ዶሮ ሆድ ውስጥ ቁጭ ብዬ እንደ ሕፃን አነባሁ። ከዚያ ደግሞ ሳቄ መጣ።

ቀኝ ጆሮው ነው የማይሰማው፣ ጃኔል! ያን ሁሉ ዘመን ትራክተር ላይ ወደ ግራ ዞሮ ማረሻውን ሲያይ፣ ቀኙን ለሞተሩ ጩኸት ሰጥቶ ኖረ። እኔ ደግሞ መኪና ውስጥ በይው፣ ቤተ ክርስቲያን በይው፣ ሁሌ በቀኙ ነኝ። ኩራቱን ታውቂያለሽ፤ "ምን አልሽ?" ከማለት ስለ ዝናብ ማውራት ይቀለዋል። እዚህ አገር ስለ ዝናብ የሚያወራን ገበሬ ማን ይጠረጥራል? ሊንከን ስንደርስ ሐኪሙም ሲጠይቀው፣ ሲያስቆጥረው ቆይቶ "አእምሮው ከእኔ ይሻላል፤ ጆሮውን አሳዩት" አለን። እፎይ! ቅጹን ቀድጄ ጣልኩት። አደራ፣ እንዳትነግሪው።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። በፋሲካ ደውለሽ ማርገዝሽን ስትነግሪው "ጥሩ ነው፣ ዝናብ ግን ያስፈልገናል" ብሎ ስልኩን ለእኔ ሲያቀብለኝ ልብሽ እንደተሰበረ አውቃለሁ። ባል ሳላገባ ስላረገዝኩ አፈረብኝ አልሽ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፅሽን አልሰማንም። እኔም ያፈረ መስሎኝ ነገሩን አላነሳሁበትም። ሁለታችንም ተሳስተናል።

ትናንት በግራ ጆሮው "በፋሲካ ጃኔል ምን ነበር ያለችህ?" አልኩት።

አሰበ፣ አሰበና "ስለ አየሩ መሰለኝ። ምነው?" አለ። ቆይቶ ደግሞ "ግን ለምንድነው የማትደውለው፣ ላቮን? ምን አጠፋሁባት?" አለኝ።

አያት እንደሚሆን አያውቅም፣ ልጄ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር፣ መለስኩት፤ ራስሽ የምትነግሪው ወሬ ነው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁለታችንም ቤት ነን፤ ደውይለት። ስልኩን በግራው አስይዘዋለሁ።

እግዚአብሔር አንቺንም ማሕፀንሽ ውስጥ ያለውንም በሰላም ያገላግላችሁ።

እናትሽ ላቮን