ከሸራው ሥር ያለችው ወፍ

አቃቂ፣ ግንቦት 9

ውድ ሙከሚል፣

አሰላሙ አለይኩም። እኔም ኢሽራቅም አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ልጅህ ሁለት የፊት ጥርሶቿን በአንድ ሳምንት አወለቀች፤ አሁን ስሟን ስትናገር ግማሹ ፉጨት ነው። ጥርሶቹን አልጣለችም። በክብሪት ቀፎ አድርጋ "አባዬ ሲመጣ ነው የሚጣሉት" ብላ ቁም ሳጥኑ ላይ አስቀምጣቸዋለች። እኔም አልተከራከርኳትም።

ይህን ደብዳቤ ካንተ በፊት ሌላ ሰው እንደሚያነበው አውቃለሁ። መልእክት የሚያደርሱት ሰዎች ቢሮ ስሄድ እዚያ ያለችው ልጅ በደንብ አስረድታኛለች። "እህቴ፣ ፖስታው አይታሸግም። የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው የሚጻፈው። ስለ ጦርነት፣ ስለ መንግሥት፣ ስለ ድንበር ከተጻፈበት እዛው ያስቀሩታል። ከወረቀት በቀር ሌላ ነገርም አንቀበልም" አለችኝ። ስለዚህ ጌታዬ፣ ማዶ ሆነው ይህን አማርኛ የሚያነቡት፣ ለርስዎም ሰላም እላለሁ። እኔ የምጽፈው ስለ ቤቴ ብቻ ነው፤ ስለ መርፌዬና ስለ ባሌ። እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ ግን እለምንዎታለሁ፤ ዋናው ነገር መጨረሻው ላይ ነው።

ሙከሚል፣ የላክኸው ወረቀት በየካቲት ደርሶኛል። ስድስት መስመር ናት። ስንት ጊዜ እንዳነበብኳት አትጠይቀኝ፤ ማጠፊያዋ ላይ ተቀድዳ በፕላስተር ይዣታለሁ። ደህና ነኝ ብለሃል። ኢሽራቅን ሳሚልኝ ብለሃል። ከዚያ እንዲህ ብለሃል፦ "የመኪናው ሸራ ላይ ስላለው የወታደር ቁጥር በየቀኑ ይጠይቁኛል። እኔ አላውቅም። ታምሜ ስተኛ ሁለት ሳምንት መኪናውን የያዘው ፈቀደ ነው። እሱን ጠይቂው። እውነቱን ካልነገረሽ ከዛሬ ጀምሮ ጓደኛዬ አይደለም በይው።"

ፈቀደ ምንም አያውቅም። ቁጥሩ ያለበትን ቁራጭ ሸራህ ላይ የሰፋሁት እኔ ነኝ።

ይኸው፣ ጻፍኩት። እስክሪብቶውን አስቀምጬ ውሃ ጠጥቼ ነው የተመለስኩት። አሁን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ወባው ይዞህ የተኛህ ጊዜ ፈቀደ ሥራ እንዳይቋረጥብን ብሎ በመኪናህ ሁለት ጊዜ ጎንደር ተመላለሰ። ሲመልስልን ሸራው ከኋላ በግራ በኩል አንድ ክንድ ያህል ተቀድዶ ነበር። "ቅርንጫፍ ነው ጀዋሂር፣ ይቅርታ" አለኝ። እኔም ሸራ ሰፊ ሆኜ ለዚህ ይቅርታ ምን ያደርጋል፣ እሰፋዋለሁ አልኩት። በዚያው ሰሞን አንተ ትንሽ ቀና ስትል ወደ መተማ የሚሄድ የባቄላ ጭነት መጣልህ፤ ማዶ ካለው መጋዘን ድረስ። ተጣላን። ታስታውሳለህ አይደል? ባለፈው ክረምት ታጣቂዎች መንገድ ላይ ከፊትህ ያለችውን መኪና ሲያቃጥሉ ዳግመኛ ወደዚያ አልሄድም ብለህ በልጅህ ምለህልኝ ነበር። አንተ ደግሞ "አንድ ጊዜ ብቻ፣ ተራዬ ካለፈኝ ሌላ ጭነት ለማግኘት ወር እጠብቃለሁ" አልክ። ሦስት ቀን አላናገርኩህም።

ሸራውን የሰፋሁት በነዚያ ሦስት ቀናት ነው። ሱቄ ውስጥ የቀረው ሸራ ስስ ነበር፤ ለዝናብ አይሆንም። ሳሪስ አቦ ሄጄ ከታጁ፣ አሮጌ ዕቃ ከሚሸጠው ከስልጤው ልጅ፣ አንድ ሜትር ተኩል ገዛሁ። የወታደር ድንኳን ነበር። አንተ የወታደር ነገር ቤቴ አይግባ እንደምትል አውቃለሁ፤ ስንት ጊዜ ብለኸኛል። ግን ጨርቁ ጥሩ ነበር ሙከሚል። ታጁ "ይሄ ውሃ ካስገባ ብርሽን እመልሳለሁ" አለኝ፣ እኔም በእጄ ሳሸው እውነቱን ነበር። ደግሞም አኩርፌህ ነበር፤ የከለከልከኝን ማድረግ ደስ ሳይለኝ አልቀረም።

የድንኳኑ ቁጥር በሻካራው ወገን ነበር የታተመው። የኛን ሥራ ታውቀዋለህ፤ ልሙጡ ወገን ሁልጊዜ ወደ ዝናቡ ነው፣ ሻካራው ወደ ጭነቱ። ሃያ ዓመት እንደዚያ ነው የሰፋሁት። ቁጥሩን አየሁት። ልገልብጠው ወይስ ልተወው ብዬ ለአፍታ አሰብኩ። ከገለበጥኩት ውሃ ይዞ ይበሰብሳል። የሸራን ውስጥ ከባቄላው በቀር ማን ያየዋል ብዬ እንደ ሙያዬ ሰፋሁት። በዚያች አንዲት ሐሳብ ነው ስምንት ወር የታሰርከው።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በሌላ መኪና አብሮህ የሄደው ፈቀደ ነው የነገረኝ። ሁላችሁም ሾፌሮች ጠዋት ማዶ አራግፋችሁ ከቀትር በፊት እንድትመለሱ ተነገራችሁ። ሌሎቹ ሞተር አስነሱ። አንተ "እናንተ ቅደሙ፣ አንዲት ጉዳይ አለችኝ" አልካቸው። ፈቀደ ምን ጉዳይ ቢልህ "ሻሽ" ብለህ ሳቅህ። በዚያው ቀን አመሻሹ ላይ ታጣቂዎች የማዶውን ኬላ መቱ፣ ድንበሩ ተዘጋ፣ ማዶ የቀረ መኪና ሁሉ ተፈተሸ። ያንተን ሸራ ሲገልጡ ቁጥሩን አገኙት። የማዶዎቹ ታጣቂዎቹን ያስታጠቃችሁት እናንተ ናችሁ ይላሉ። እዚህ ደግሞ መኪና ያቃጠሉብንን ያስታጠቁት እነሱ ናቸው ይባላል። ማታ ዜና ላይ ሁለቱም ካርታ ያሳያሉ። የሚተኩሱት ሲፈልጉ ይሻገራሉ፣ ሲፈልጉ ይመለሳሉ፤ መሻገርና መመለስ ያቃተው ባቄላ የጫነ ሰው ብቻ ነው።

ይቅርታ ጌታዬ፣ ከቤቴ ወሬ ወጣሁ። እነዚህን መስመሮች ከፈለጉ በጥቁር ይሰርዟቸው። የቀረውን ግን ይተዉልኝ። ወደ ሸራው ልመለስ።

ሙከሚል፣ ስለ ሻሹም ዋሽቼሃለሁ። ከሽቦ ላይ ተሰረቀ ያልኩህ፣ ያ በተጋባን ዓመት ከማዶ፣ ከገዳሪፍ ያመጣህልኝ ቢጫው ሻሽ። ሰማያዊ ወፎች ያሉበት። እኔ "ዶሮዎች ናቸው" ስልህ "ጀዋሂር፣ ለዶሮ ብሎ ማን ሻሽ ያትማል?" ብለህ ሆድህን ይዘህ የሳቅህበት። አልተሰረቀም። ሸራ ስሰፋ የተቀደደው ቦታ ጠርዙ እንዳይተለተል መሃል ላይ ጨርቅ አስገባለሁ፤ ብዙ ጊዜ ያገኘሁትን አሮጌ ጨርቅ ነው። ያን ቀን አንተ ውጭ ቆመህ ጎማህን በመዶሻ እየነካካህ ስታፏጭ ሰማሁ። እኔ እየተንገበገብኩ አንተ ታፏጫለህ! መቀሱን አነሳሁና ሻሹን ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ከቁራጩ ሥር አድርጌ ሰፋሁበት። ይኸው እዚያው ይዘኸው ሂድ አልኩ በሆዴ። ማታ ሻሽሽ የት ሄደ ስትለኝ ተሰረቀ አልኩህ። አንተም "አይዞሽ፣ ሌላ አመጣልሻለሁ" አልክ።

እኔ የቀደድኩትን ልትተካ ነው የቀረኸው። ይህን ፈቀደ ሲነግረኝ ምድጃው ላይ የጣድኩት ወጥ እስኪያር ቆሜ ቀረሁ።

ደብዳቤህ ከመጣ በኋላ ሦስት ወር ዝም አልኩ። ምን ያህል መጥፎ ሦስት ወር እንደነበር ልነግርህ እፈልጋለሁ፤ ስለ ራሴ ሳይሆን ስለ ፈቀደ። አንተ የጻፍከውን አንብቤ ለማንም አልተናገርኩም፤ ወሬው ግን እንዴት እንደሁ እንጃ መኪና ተራ ደረሰ። ጭነት ሲጠብቁ አጠገቡ የሚቀመጥ ጠፋ። እሱ ግን ኢሽራቅን በየጠዋቱ ባጃጅ እስከምታገኝ ድረስ እጇን ይዞ መሸኘቱን አልተወም። እኔም እያየሁ፣ እውነቱን እያወቅሁ፣ "እግዜር ይስጥልኝ ፈቀደ" ብቻ እለዋለሁ። ፈሪ ነኝ። እንዳትጠላኝ ፈራሁ። የወታደር ድንኳን ሰፊ ተብዬ እዚህም እንዳልጠየቅ፣ ኢሽራቅ ብቻዋን እንዳትቀር ፈራሁ።

ባለፈው እሑድ የልጅቷን ቦርሳ ማሰሪያ ጠግኖ ይዞልኝ ሱቅ መጣ። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

"ፈቀደ፣ የሙከሚልን ሸራ የሰፋሁት እኔ ነኝ" አልኩት። "የወታደሩን ቁራጭ።"

ቦርሳውን እንደያዘ ቆመ። "ይህን ካወቅሽ ስንት ጊዜሽ ነው?"

"ደብዳቤው ከመጣ ጀምሮ።"

"ሦስት ወር።" የሸራ ክምሩ ላይ ተቀመጠ። "እኔ እኮ ራሴን መጠራጠር ጀምሬ ነበር ጀዋሂር። ጎንደር ላይ እንቅልፍ ሲወስደኝ ሰው መጥቶ ሰፍቶበት ይሆን እንዴ እያልኩ። ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳይጠላኝ።"

"እኔን ቢጠላኝስ?"

አለቀስኩ። እሱም አላባበለኝም፤ ደግ አደረገ። ተነሳና "ጻፊለት" አለኝ። "የኔን ነገር ተይው፣ የሸራውን ጻፊ። መጀመሪያ ይምጣ፣ ከዚያ እንጣላለን።" በማግስቱ ጠዋት እንደ ወትሮው መጥቶ ኢሽራቅን ይዟት ሄደ። ስለዚህ ሙከሚል፣ ጓደኛህ አሁንም ጓደኛህ ነው። ማኩረፍ ካለብህ እኔን አኩርፍ።

አሥር ዓመት አብረን ስንኖር ያልነገርኩህ አንድ ነገር አለ። የሰው ሸራ አንድ ጊዜ እሰፋለሁ፤ ያንተን ሁልጊዜ ሁለት ጊዜ ነው የምሰፋው። አኩርፌህም፣ ሻሽህን በመቀስ ቆርጬም፣ በላዩ ሁለት ጊዜ ነው የሄድኩበት። እወድሃለሁ ማለት አፌ ላይ አይመጣም፣ ታውቀኛለህ። ይኸው አሁን በማላውቀው ሰው ፊት እልሃለሁ፦ እወድሃለሁ። ናፍቀኸኛል። ከበር ስትገባ የምታሰማውን ያን የሚያናድድ ፉጨት ሳይቀር ናፍቄያለሁ።

ጌታዬ፣ መጨረሻው ያልኩዎት ይኸው ነው። መኪናው እርስዎ ዘንድ ግቢ ውስጥ ቆሟል ይባላል። ሸራውን ያስወርዱት። ከኋላ፣ በግራ በኩል፣ ከጥጉ ሦስተኛው ቀለበት ሥር ቁራጩን ያገኙታል። በሰም የታሸ ሲባጎ ነው፤ በቢላ አይቅደዱት፣ ጫፉን ፈልገው ይሳቡት፣ ይከተልዎታል። ሁለት ክር ነው፤ አንዱ ሲያልቅ ሁለተኛውን ይሳቡ። ከሥሩ ቢጫ ሻሽ ይወጣል። በንዴት ስቆርጠው መቀሱ ተወላግዶ አንዲት ወፍ መሃሏ ላይ ለሁለት ከፍሏታል። አንገቷ እርስዎ ጋ ነው፣ ጭራዋ እኔ ጋ። ጨርቅ አንቀበልም ስላሉኝ የኔን ግማሽ ከዚህ ወረቀት ግርጌ ዘርግቼ የተቆረጠውን ዳርና የወፏን ጭራ በእርሳስ ተከትያቸዋለሁ። ያንን ጨርቅ ከዚህ መስመር ጋር ያጋጥሙት። ታጣቂ የሚያስታጥቅ ሰው በወታደር ሸራ ሥር የሚስቱን ሻሽ አይሰፋም። ቁጥሩን ያስገባችው ባሏን ያኮረፈች ሸራ ሰፊ ናት፤ የሚጠየቅ ካለ እኔ ነኝ፣ አድራሻዬ ፖስታው ላይ አለ።

ሙከሚል፣ ሌላ ሻሽ አትግዛልኝ። በምንም ምክንያት ገበያ እንዳትወጣ። የሚሰጡህን ግማሽ ይዘህልኝ ና፣ እኔ እሰፋዋለሁ። ስፌቱ ይታያል፤ ይታይ።

ያንተ ጀዋሂር

ጌታዬ፣ ከታች ያለውን ቀለም የቀባችው ልጃችን ናት። ወፏ ሰማያዊ ናት፤ አረንጓዴ ያደረገቻት ሰማያዊው እርሳስ አልቆባት ነው። እባክዎ ቅርጿን ይዩልኝ።