የጌታነህ ጋሻ

መሐል ሜዳ፣ እሑድ ኅዳር 14

ዛሬ ወንድሜን ዋሸሁት። ከዚያ ወዲህ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል።

ጌታነህ ገዳም ሲገባ፣ ተራ በተራ የምንጫወተውን የጦርነት ጌም ከነስልኩ ለእኔ ተወልኝ። «እኔ ዓለምን ትቻለሁ፤ አንቺ ጨርሺው» ብሎኝ ሄደ። እማዬ ግን እሱ ይለብሰው የነበረውን የሱፍ ባና ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። በዚህ ውርጭ እኛ እየተንቀጠቀጥን ለማንም አትሰጥም። «ገና ረድእ ነው፣ አልመነኮሰም» ትላለች። እኔ ስስቅባት ከረምኩ።

ትናንት ጌሙ ላይ ሰይፌ ተስሎ፣ የፈውስ መድኃኒቴ ሞልቶ፣ የቀረኝ ጋሻዬን አሥረኛ ደረጃ ማድረስ ብቻ ነበር። ለዚያ ደግሞ ሌላ ጋሻ መቅለጥ አለበት። ጌታነህ ሁለት ዓመት የለፋበትን የራሱን ጋሻ እሳት ውስጥ ከተትኩት። ስልኩ «ከቀለጠ አይመለስም፤ ይቀጥሉ?» ሲለኝ እንኳ እጄ አልዘገየም።

ዛሬ ከቅዳሴ መልስ ጌታነህ ከአበምኔቱ ተልኮ ከተማ መጥቶ ኖሮ ቤት ጎራ አለ። በጣም ከስቷል። እማዬ ውኃ ልታመጣለት ስትወጣ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣

«ጋሻዬ አለ?» አለኝ።

«አለ» አልኩት።

ፈገግ አለ። ሊሄድ ሲነሣ እማዬ ባናውን አውጥታ ብትሰጠው መለሰላት። «ይቀመጥልኝ» አላት።

ዓለምን የተወ ሰው ስለ ጋሻው ምን አስጠየቀው? ለእማዬ ልንገራት? ምን ብዬ?

እሱ ከሄደ ወዲህ ስልኩን አሥር ጊዜ ከፍቼ የጋሻውን ቦታ አየሁ። ባዶ ነው። ባናው ግን ሳጥኑ ውስጥ አለ።