ስለ መምህር ዌንዙ ኤሉል ዕረፍት ከቢርጉ የእራት ተረኞች ማኅበር የተሰጠ መግለጫ

የማኅበራችን መሥራችና የረጅም ዘመን ሰብሳቢ መምህር ዌንዙ ኤሉል፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው ባለፈው ሰኞ ማለዳ በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። በዕረፍታቸው ከባድ ሀዘን ተሰምቶናል። ከሀዘኑ ጋር ንዴትም አለ። በሀዘን መግለጫ ላይ ንዴት መጻፍ ደንብ እንዳልሆነ አናጣውም፤ ሟቹ ግን ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ አይወዱም ነበርና የሆነውን ለመጻፍ ተስማምተናል።

መምህር ዌንዙ እዚሁ ማልታ ደሴት፣ ቢርጉ ከተማ ከመርከብ ጥገና ሠራተኛ ቤተሰብ ተወለዱ። በከተማችን ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እስከ ጡረታቸው ድረስ ታሪክ አስተምረዋል። በማልታ ስለ ቅዱስ ዮሐንስ ወታደር መነኮሳት የማያወራ የለም፤ የሚወራው ግን ስለ ቱርኮች ከበባ፣ ስለ መድፉና ስለ ግንቡ ነው። እሳቸው የሚያስተምሩት ሌላውን ነበር። መነኮሳቱ በኢየሩሳሌም ሥራቸውን የጀመሩት ለታመሙ ተሳላሚዎች አልጋ በማንጠፍ እንደሆነ፣ ሰይፉ በኋላ እንደመጣ፣ ከቅድስት ሀገርም ከሮድስ ደሴትም ተባርረው እኛ ዘንድ ሲደርሱ ፈጥነው ከሠሩት አንዱ ቢርጉ ውስጥ ሆስፒታል እንደሆነ ለተማሪዎቻቸው ይነግሩ ነበር።

በዚያ ሆስፒታል በሽተኛው "ጌታችን" ይባል ነበር። ከየአገሩ የመጡት መነኮሳት በሳምንቱ ውስጥ የየራሳቸው ተራ ቀን ነበራቸው፤ ተራው የደረሰ የመኳንንት ልጅም ቢሆን አጎንብሶ ያበላል። በኋላም ለሕሙማኑ በብር ሳህን ይቀርብ ነበር። መምህር ዌንዙ እነዚሁ ሰዎች መርከባቸውን በባሪያ ያስቀዝፉ እንደነበር አልሸሸጉም። ቅዱሳን አድርጎ የሚስላቸውን ተማሪ ይቆጡት ነበር። ከሠሩት ሁሉ ልንወርሰው የሚገባን ተራውን ነው የሚል እምነት ነበራቸው።

እ.ኤ.አ. በ1991 ከአብሮ አደጋቸው ከውል አዋዋዩ ከኖታሪ ሲልቭዩ አፓፕ ጋር ሆነው የመነኮሳቱን ካባ ለብሶ ታሪካቸውን ለቱሪስት የሚያሳየውን የነጭ መስቀል ትርዒት ማኅበርን አቋቋሙ። የትርዒቱን ጽሑፍ ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። የትርዒቱ መጨረሻ ሕሙማንን ማብላት ነበር፦ የአባላቱ የወንድምና የእኅት ልጆች ፊታቸው ላይ ዱቄት ተነስንሶ ይተኛሉ፣ ካባ የለበሱት ሰዎች በብር በተለበጠ ሳህን ያቀርቡላቸዋል፣ ቱሪስቱም ያጨበጭባል። በሽተኞቹ በማግስቱ እግር ኳስ ሲጫወቱ እናያቸው ነበር።

በ2004 ጠቅላላ ጉባኤ መምህር ዌንዙ አንድ ሐሳብ አቀረቡ። ከወደቡ በላይ ባለው የአረጋውያን ሕሙማን ክፍል፣ በገዛ እጃቸው መብላት ለማይችሉት ምግቡ ፊታቸው ይቀመጥና የሚያበላ ሰው ጠፍቶ እንዳለ ይነሣ ነበር። ማኅበሩ በሳምንት አንድ ምሽት ተራ ይውሰድ አሉ። ኖታሪ አፓፕ የመለሱት በቃለ ጉባኤ ባይገባም በቦታው የነበርን ሁላችንም ሰምተናል፦ "ዌንዙ ወንድሜ፣ ሽማግሌ ሾርባ ሲጠጣ ለማየት ቲኬት የሚቆርጥ ቱሪስት የለም።" መምህር ዌንዙም "ታዲያ የለበስነው የማንን ልብስ ነው?" ብለው ጠየቁ። ጉባኤው የከበሮ ቆዳ ስለ መቀየር ወደሚለው አጀንዳ አለፈ። እሳቸውም ካባቸውን አጥፈው ወንበራቸው ላይ አስቀምጠው ወጡ።

በዚያው ዓመት የእኛን ማኅበር መሠረቱ። ተከትለናቸው የወጣነው ጥቂቶች ነበርን፦ ጡረታ የወጣው በያጅ አቶ ቼንሱ ቡሱቲል፣ አንዲት የትምህርት ቤት ወጥ ቤት ሠራተኛ፣ ባል የሞተባቸው ሁለት ሴቶች። ካባ የለንም፤ ከበሮም የለንም። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሕሙማኑ ክፍል ያለ ተረኛ የመሸ ምሽት የለም። የከተማው በዓል ርችት በሚተኮስበት ምሽት እንኳ ሰው ሁሉ አደባባይ ሲሆን ተረኛው ከአልጋው አጠገብ ነው።

ባለፈው ክረምት መምህር ዌንዙ ራሳቸው በዚያው ክፍል ተኙ። በገዛ እጃቸው ማንኪያ መያዝ አልቻሉም ነበር። አንድ ቀን ኖታሪ አፓፕና ሁለት ባልደረቦቻቸው ካባ ለብሰው፣ የትርዒቱን ሳህን ይዘው፣ ፎቶ አንሺ አስከትለው መጡ። ሾርባ ቀዱና ማንኪያውን ወደ መምህር ዌንዙ አፍ አስጠጉ። ፎቶ አንሺው "አባባ፣ እንደዚያው ይሁኑ፤ ገና አይዋጡት" አላቸው። ፎቶው ተነሣ። ሳህኑ የትርዒቱ ንብረት ስለሆነ ሾርባው እጅ መታጠቢያው ውስጥ ተደፍቶ፣ ሳህኑ በበሽተኛው ፎጣ ተጠራርጎ ተወሰደ። የዕለቱ ተረኛ አቶ ቼንሱ ሲደርሱ መምህር ዌንዙ አፋቸውን እንደከፈቱ ነበሩ። በክፍሉ የፕላስቲክ ሳህን እራታቸውን አበሏቸው። ፎቶው ዛሬ እስከ ጀልባ መሳፈሪያው ድረስ በየግድግዳው ተለጥፏል። ከሥሩ "ለጌቶቻችን ሕሙማን" ይላል።

አሁን ደግሞ የትርዒት ማኅበሩ "የትርዒታችን አባት" ብሎ ሞታቸውን አውጇል፤ አስከሬናቸውንም ካባ አልብሶ፣ አሥራ ሁለት ካባ ለባሾች ተሸክመውት በከበሮ ሊሸኝ አስቧል። እኅታቸው ወይዘሪት ሳልቪና ኤሉል ለኖታሪው "በቁሙ ያወለቀውን ሬሳው ላይ አታልብሱት" ብለዋቸዋል። የተሰጣቸው መልስ አስከሬኑ አይለብስም፣ ተሸካሚዎቹ ግን ይለብሳሉ የሚል ነው። ቀብሩ ጠዋት እንዲሆን ቤተሰቡም እኛም ለምነን ነበር። ጠዋት አደባባዩ ለትርዒቱ ልምምድ ተይዟል ተባልን። ስለዚህ ሥርዓተ ቀብራቸው የፊታችን ሐሙስ ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይፈጸማል።

ለወይዘሪት ሳልቪና፣ ለቀድሞ ተማሪዎቻቸው፣ ለሕሙማኑ ክፍል ነርሶች፣ "መምህሩ የት ሄዱ?" እያሉ ለሚጠይቁት የአጠገብ አልጋ ጎረቤታቸውም መጽናናትን እንመኛለን። ለነጭ መስቀል ትርዒት ማኅበርም እንዲሁ እንመኛለን። እነሱ መምህር ዌንዙን ያጧቸው ከእኛ ብዙ ዓመት ቀድመው ስለሆነ፣ እስከ አሁን ሳይጽናኑ አልቀሩም።

በመጨረሻም ለሕዝብ የምናሳውቀው አለን። አሥራ አንድ ሰዓት በሕሙማኑ ክፍል የእራት ሰዓት ነው። ሐሙስ የመምህር ዌንዙ ተራ ነበር፤ ከታመሙ ወዲህ ተራውን የያዙት እኅታቸው ናቸው። ሌላ ሰው እንተካልዎ ብንላቸው "እኔ ጠዋት ሬሳ ክፍል ሄጄ እሰናበተዋለሁ፤ ማታ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ" ብለውናል። ስለዚህ በቤተ ክርስቲያኑ ለቤተሰብ የተዘጋጀው የፊት ወንበር ባዶ ይሆናል። እሳቸውን ማጽናናት የሚፈልግ ሰው ካባውን ቤቱ ትቶ ወደ ሕሙማኑ ክፍል ይምጣ። የሚበሉት ብዙ ናቸው፤ ማንኪያ እኛ ጋ አለ።

የቢርጉ የእራት ተረኞች ማኅበር