በበዓለ ሃምሳ የጾምክ ዕለት

ዓለም ገና፣ ሐምሌ ሥላሴ

ለወንድሜ፣

አካም ጅርታ? ዝናብ በመጣ ቁጥር የሚቆረጥምህ ጉልበትህ እንዴት ነው? ሱሉልታ ከእኛ ሰፈር ይልቅ ይበርዳል ይላሉ። ብሎኬት ማምረቻው ውስጥ እግርህ እርጥብ ላይ እንደሚውል ስለማውቅ፣ ክረምቱ ሲገባ መጀመሪያ ያሰብኩት አንተን ነው። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ቡሬ ወልዳለች፣ ወንድ ጥጃ። የጠገንክልን ጣሪያ በዚህ ሁሉ ዝናብ አንድ ጠብታ አላስገባም። እማዬ ዝናቡ ሲበረታ ቀና ብላ ቆርቆሮውን ታያለች፣ ቀጥላ በሩን ታያለች።

ስልክ ስደውል እንደማታነሳ ስላወቅኩ ነው በወረቀት የመጣሁት። ለሥራ ማመልከቻ ካልሆነ በቀር ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። «ለሚመለከተው ሁሉ» ብዬ ልጀምር ምንም አልቀረኝም ነበር። ይሄኛው ግን አንተን ብቻ ነው የሚመለከተው።

ፊልሙ ከወጣ ወዲህ አንድ ቀን ብቻ ነው የመጣኸው፤ እሱንም ሳትበላ ሄድክ። ለምን እንደሆነ ይገባኛል። አንተ የማታውቀው ግን አንድ ነገር አለ። እሱን እስክነግርህ የምታውቀውንም ልደግምብህ ነውና ታገሠኝ። ከመሀል ከጀመርኩ እዋሻለሁ።

ያን ቀን ፍሬኑ እንቢ ብሎህ ገልባጭ መኪናህ ወንድሜን ኦዳን ከነብስክሌቱ ሲመታው አልሸሸህም። እኔ ስደርስ መጀመሪያ ያየሁት ወተቱን ነው። ለከተማ ሊያደርሰው የጫነው ወተት ተደፍቶ አስፋልቱ ነጭ ሆኖ ነበር። አንተ የኦዳን ራስ ጭንህ ላይ አድርገህ መሬት ላይ ተቀምጠሃል። ሰው ሲሰበሰብ «ተነስ ሩጥ፣ ይገድሉሃል» ያለህ ነበር። ፖሊስ እስኪመጣ አልተነሳህም።

ታስረህ ወጣህ። ኦቦ ኢቲቻ ሽማግሌዎቹን ይዘው ሦስት ጊዜ ደጃችን ተመላለሱ፤ በሦስተኛው እማዬ «ይግባ» አለች። በጉ ታረደ፤ አንተና እሷ ከአንድ ውሃ እጃችሁን ታጠባችሁ። የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልላ አፍህ ውስጥ ስትከት «ኢልመ ኮ» አለችህ። ልጄ። አፍህ እንደሞላ ማኘክ አቅቶህ አለቀስክ። ከዚያ ወዲህ ጤፍ ሲወቃ አለህ፣ ላም ሲታመም አለህ፣ ገና ሲሆን አለህ።

እኔ የጻፍኩት ይህንን ነበር። «የእጅ ውሃ» ብዬው፣ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ሳነብልህ እስከ መጨረሻው አንገትህን ደፍተህ ሰማኸኝና «ወተቱን ማስገባትሽ ጥሩ ነው» ብቻ አልከኝ። ከአስተማሪዎቼ ሁሉ እንደዚያ ያለ አስተያየት የሰጠኝ የለም።

ሽመክት ያነበበው በፌስቡክ ነው። ፊልም ሠሪ ነው፤ ቡራዩ ከአንድ ብረታ ብረት ቤት በላይ ቢሮ አለው። ከታች በርና መስኮት ሲበየድ ከላይ መደማመጥ ስለማይቻል፣ ደህና አድርገን የምናወራው መብራት ሲጠፋ ነበር። ታሪኩን ወዶታል። አንድ ነገር ብቻ ከነከነው።

«እሺ፣ ታረቁ። ከዚያስ?» አለኝ።

«ከዚያማ በሉ» አልኩት።

ሳቀብኝ። ሰው ሲበላ ለማየትማ ማን ይመጣል፣ የሠርግ ቪዲዮ አለልሽ አይደል አለኝ።

የሆነውን አየኸው። ርዕሱ «የደም ጉርሻ» ሆነ። ሹፌሩ አንገቱ ላይ ወርቅ ያንጠለጠለ ሰካራም፣ ገጭቶ የሚያመልጥ፣ ስልክ እያወራ የሚስቅ። እናትየዋ ጥቁር ለብሳ ዓመት ሙሉ መርዝ ስትፈጭ ትከርማለች። ሽማግሌ ልካ አስታርቁኝ የምትለው ራሷ ናት፤ ለማጥመድ። ማዕድ ላይ አጉርሳው፣ አረፋ እየደፈቀ ሲወድቅ ካሜራው ፈገግታዋ ላይ ይቆማል። ወተቱን አወጡት። ስክሪን ላይ የሚያምረው ቀይ ነው ተባለ።

ለፋሲካ ዩቲዩብ ላይ ተጫነ። ከሥሩ የተጻፈውን አነበብኩ፦ «የእናት አንጀት! እጇን ይባርከው» ይላል፤ አንዱ ሳይሆን በመቶ የሚቆጠር ሰው። እኔ ደግሞ ላገኘሁት ሁሉ «ታሪኬን አበላሹት» ስል ሰነበትኩ። ለሩቲ ነገርኩ፣ ለቤቴል ነገርኩ፣ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ ለተቀመጠ ሰው ሳይቀር ነገርኩ። ሁሉም አዘነልኝ።

ከዚያ ያቺ ረቡዕ መጣች። እማዬ የመምጣትህን ወሬ ሰምታ ዶሮ ሠርታልሃለች። ጠቅልላ እጇን ስትዘረጋልህ ወደኋላ አልክና «ረቡዕ አይደል እማማ፣ ጾም ላይ ነኝ» አልካት። እጇ አየር ላይ ቀረ። ቀኑ የተምታታብህ መስሏት ሳቀች። «አዬ ልጄ፣ በበዓለ ሃምሳ ጾም የለ! ሥራው ቀኑን አስረስቶህ» አለችና ጉርሻውን መልሳ ሳህኑ ጥግ ላይ አስቀመጠችው። አንተ ተነስተህ ጫማህን መፈለግ ጀመርክ። እኔ እንዳልረሳህ አውቄ ነበር። ዓይንህ እጇ ላይ ነበራ።

እሷ ፊልሙን ገና አላየችም ነበር። በሳምንቱ ጎረቤታችን ጠጅቱ ስልኳን ይዛ መጣች፤ ክፋት የላትም፣ «የልጅሽን ሥራ እዪላት» ብላ ነው። ከአጠገባቸው ተቀምጬ ምስር እለቅማለሁ። እማዬ እስከ ጉርሻው ድረስ አየች። ከዚያ ስልኩን ለጠጅቱ መለሰችላትና ወደ እኔ ዞረች።

«ይቺ ሴትዮ እኔ ነኝ?» አለችኝ።

ፊልም ነው እማዬ፣ ሰዎቹ ናቸው የቀየሩት አልኳት።

«እንዲህ እንደማስብ ማን ነገራቸው?»

ወደ ምስሬ አቀረቀርኩ። ማታ እሳቱን ስታዳፍን ለብቻዋ «ልጁ ለካ ለዚህ ነው የጾመው» ስትል ሰማሁ። ከዚያ በኋላ የሐዋርያት ጾም ገባ። ጾሙ ሲፈታ ይመጣል አለች። ተፈታ፤ አልመጣህም።

እኔ ግን መጥቼ ነበር። አታውቅም። በሰኔ አጋማሽ አንድ ቅዳሜ ሱሉልታ ድረስ መጥቼ ከምትሠራበት ግቢ ማዶ ቆምኩ። ምሳ ሰዓት ነበር፤ ከጓደኞችህ ጋር በአንድ ሳህን ትበላላችሁ። አንዱ ጠቅልሎ ሰጠህና «ቀስ ብለህ ዋጥ፣ የእኛ እንኳ መርዝ የለበትም» አለ። ሁሉም ሳቁ። አንተም ሳቅክ። ወዲያው ፊትህን ወደ ብሎኬቱ አዙረህ ብዙ ቆየህ። መንገዱን መሻገር አቃተኝ። በመጣሁበት ታክሲ ተመለስኩ።

አሁን ያላወቅከውን ልንገርህ።

ታሪኬን ማንም አላበላሸውም። ሰካራሙንና ወርቁን እነሱ ጨመሩ፤ የመርዙን ጉርሻ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ብየዳው ጸጥ ሲል ሽመክት ጠየቀኝ፦ እዚያ ማዕድ ላይ ከነበራችሁት ሌላ ነገር ያሰበ አንድ ሰው እንኳ የለም? አለኝ። አለ አልኩት። እናቴ ስትጠቅልል ጎተራው ሥር ያስቀመጥነው የአይጥ መርዝ ትዝ እንዳለኝ ነገርኩት። እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ፊልሙ ይሄ ነው» አለ። በሁለት ቀን ጽፌ ሰጠሁት። እጄ እንደዚያ ፈጥኖ አያውቅም። ስሜ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ ደስ እንዳለኝም አልደብቅህም፤ ከተመረቅኩ ጀምሮ ስሜን ያየሁት ሥራ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ፣ ለተመረጡት ተጠባባቂ ሆኜ ብቻ ነው። ሐሳቡ የእኔ ነበር፤ እጁን ግን ከእናቴ ተዋስኩ። አንተም የእሷን እጅ ፈራህ።

ሌላም አለ። የዕርቁ ዕለት ኦቦ ኢቲቻ «እህትም ታጉርስ» ሲሉ እጄን ነጠላዬ ውስጥ ሰብስቤ ጣቴ ቆስሏል ያልኩት ትዝ ይልሃል? «እግዜር ይማርሽ» አልከኝ። በሁለተኛው ቀን ደውለህ ጣቴ ዳነ ወይ ብለህ እማዬን ጠይቀሃታል። ጣቴ ምንም አልነበረውም። ከዚያ ወዲህ ውሃ አቀብዬሃለሁ፣ ሻይ ቀድቼልሃለሁ፤ አጉርሼህ ግን አላውቅም። ስምህን እጠራለሁ እንጂ እዚህ ደብዳቤ አናት ላይ እንደጻፍኩት ጠርቼህም አላውቅም።

ይህን ሁሉ ትናንት ለእማዬ ነገርኳት። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። «በይ ተነሽ፣ ገብሱን አውጪና ቁዪ» አለችኝ። ቆላሁ፤ አስፈጨሁ። ቅቤውን አንጥራ አጠገቤ አስቀመጠችና ወጣች። አላገዘችኝም። ጭኮውን ብቻዬን አሸሁት።

ጎረቤታችን ጃለታ ለገበያ ሱሉልታ ስለሚወጣ በእሱ እጅ ልኬልሃለሁ። ነሐሴ ተክለሃይማኖት የኦዳ አራተኛ ሙት ዓመቱ ነው። እማዬ ና በይው አላለችኝም፤ ያንተን በርጩማ ግን ከበረንዳው አስገብታ እንደ ድሮው ከእሷ አጠገብ አስቀምጣዋለች። ብትመጣም ባትመጣም አልቀየምህም። መቀየም አሁን የአንተ ተራ ነው።

እግዜር ጉልበትህን ያጽናልህ። ከብርዱም ከሰው አፍም ይሰውርህ። የእናታችን እጅ አንተን እንደባረከ ይኑርልህ።

ጭኮውን ስትከፍተው በአንድ በኩል ተቆርሶ ታገኘዋለህ። አይጥ የነካው እንዳይመስልህ። የቀመስኩት እኔ ነኝ፤ ባልቆሰለው ጣቴ።

እህትህ